አያ ዳኛው ያወጡት እጅ

ድብ ባሕር፣ ግንቦት ፲፩

ውድ አያ ዳኛው፣

ቆመው ከሆነ ግድግዳ ይደገፉ፤ ተቀምጠው ከሆነ እንደተቀመጡ ይቆዩ። ከባድ መርዶ ይዣለሁ። ከገበያው በታች ያለችው ድልድያችን ባለፈው ረቡዕ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሕመሟን ለማንም ሳትነግር አረፈች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመንገድ ሠራተኝነት አካፋ ይዘው የጠበቋት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከሁሉም የቅርብ ዘመድ እርስዎ ነዎት። ሳልነግርዎ ብቀር ነውር ነው።

አይደንግጡ። ወይም ይደንግጡ፤ ይገባዎታል። ሙሉ በሙሉ አልሞተችም። ሲሚንቶ ጢም አድርጎ የጫነ ተሳቢ ሲያልፍባት ከጎኗ ሦስት ድንጋይ ተፈነቀለ። ከሥር እህቴ እስከዳር ጥጃ ውሃ ታጠጣ ነበር። የአንዱ ድንጋይ ጫፍ እግሯ ላይ አረፈ። ጥፍሯ ጠቆረ እንጂ አጥንቷ ደኅና ነው። ዕድሜዋ ዘጠኝ ነው። ድንጋዩን እኔም ብቻዬን ማንሳት አቅቶኝ ሰው ጠርቻለሁ።

መቼም ያውቁኛል። ስምንተኛን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለቴም ስለወደቅሁ አቤቱታ መጻፍ አይሆንልኝም። የሚሆንልኝ ተንኮል ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ጥሩንባ ነፊው አለነ ቤት ሄድኩ።

«ተነስ ንፋ፣ ልቅሶ አለ» አልኩት።

«የማን ልበል?»

«የድልድይዋ በል።»

«ምነው፣ አበድህ እንዴ?»

«ልጆችህ ተማሪ ቤት የሚሄዱት በየት ነው?»

ጥሩንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ወጣ። «ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው፣ የቀረ ይቀጣል!» እያለ ሰፈሩን ዞረ። ቅጣቱን የጨመረው ከራሱ ነው፤ እኔ አላልኩትም።

ድንኳኑን የተከልነው መንገዱ ላይ ነው፣ ከድልድይዋ አፍ፣ ልክ መሀሉ ላይ። ሰው ድንጋይ ቢደረድር ይነሳል፤ ገመድ ቢወጥር ይበጠሳል። የልቅሶ ድንኳን ግን ማን ይነካል? አሥራ አንድ ተሳቢ ተሰለፈ። ሹፌሮቹ ተራ በተራ ሞተር እያጠፉ፣ ኮፍያ እያወለቁ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሊሉ መጡ። ቆይቶ ፖሊስ መጣ።

«መንገድ ለመዝጋት ማን ፈቀደላችሁ?»

አስለቃሿ እትዬ ሐረገወይን «አረፍ በል የኔ ልጅ፤ ልቅሶ ላይ ተቁሞ አይወራም» ብለው እፍኝ ንፍሮ ሰጡት። ተቀመጠ። ንፍሮ በእፍኝ ይዞ ሰው ማሰር እንደማይመች ያን ቀን አየሁ። እትዬም ድምፃቸውን አወጡ፦

አህያ ሲያልፍብሽ ፈረስ ሲያልፍ ኖረሽ፣
ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ገደለሽ።

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ነጠላ ውስጥ ገባሁ። ሰዉም ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይስቃል። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነበር።

ከፊት የቆመው ማኪና ሹፌር ሟቿ ማን እንደሆነች ሲነገረው ጎማውን ይዞ ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እናንተ እዚህ ታለቅሳላችሁ፣ የራሳችሁ ሽማግሌ ግን ፈቅደዋል እኮ።»

«የቱ ሽማግሌ?»

ስልኩን አወጣ። የጭነት ማኪና ባለቤቶች ማኅበር ጎንደር ላይ ባደረገው ስብሰባ «በአንድ ተሳቢ መቶ ኩንታል ይጨመር» ሲባል የተነሳ ፎቶ ነው። አንድ ሰውዬ የማኅበሩን ኮፍያ ደፍተው፣ የታሸገ ውሃ ፊታቸው አስቀምጠው፣ እጃቸውን እስከ ጣሪያ አውጥተዋል። «መንገዱን የሠሩት ሰው 'ትችላለች' ብለዋል ተባለ» አለ ሹፌሩ። እትዬ ሐረገወይን ስልኩን ተቀብለው አዩና መልሰው ሰጡት። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አልሳቀም። ድንኳኑን በተከልነው በሁለት ሰዓቱ ነቀልነው። እንድንነቅል ያዘዘን የለም።

አንቱ ሰው፣ ምን ነካዎት? ከመጠን በላይ የጫነ ሲመጣ አካፋዎ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው መሀል መንገድ ቁጭ ይሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? «ግማሹን አራግፍና እለፍ» ይሉ ነበር። ሹፌሩ ቢሰድብዎ፣ ባለሥልጣን ዘመዱን ቢጠራ፣ እርስዎ ቆሎዎን ይቆረጥማሉ። እኔ በልጅነቴ ውሃ መውረጃውን በጠጠር ብዘጋ በአካፋው እጀታ እስከ ቤቴ አባረሩኝ። እርስዎንስ አሁን ማን ያባርርዎት?

ልጅዎ ምናለ ተሳቢ መግዛቱን ሰምቻለሁ። ጎንደር አጠገብ ፀዳ ላይ በእሱ ቤት እንደሚኖሩም አውቃለሁ። ሰው የሚበላበትን ማኪና መቃወም ይከብደዋል፤ አይገባውም እንዳይሉኝ። ግን ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ቢከቱት ምን ነበረበት? ኮት ሲያሰፉ ኪስ አላወጡለትም?

ብዙ ከተጫነ የማኪናው ቁጥር ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይተርፋል ይላሉ አሉ። ይትረፍ። የተረፈው ጎንደር ይገባል፣ የተፈነቀለው እኛ ጋ ይቀራል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲግል ውሳኔ አያበርደውም። ደግሞስ ሁሉ ለስብሰባ ሲጠራ ድንጋዩን የጠራው የለም፤ በድንጋዩ ስም ይናገራሉ ብለን የምንተማመነው በእርስዎ ነበር። ያናደደኝ ይኸ ነው። ሹፌሩ አላናደደኝም፣ ማኅበሩም አላናደደኝም። እነሱን ድሮም አላመንኳቸውም።

የፊታችን ማክሰኞ ድልድይዋን ሊያዩ ከመንገድ መሥሪያ ቤት ወረቀት የያዙ ሰዎች ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው መቶው ኩንታል የሚጸድቀው። ንድፉ ጠፍቷል ተብሏል፤ ስንት እንደምትሸከም በቃሉ የሚያውቅ ሰው አንቱ ብቻ ነዎት። ማለዳ ከመናኸሪያ ይሳፈሩ። እኔ ወርጄ እቀበልዎታለሁ፤ ያን ቀን ቀልድ የለም፣ በእስከዳር እምላለሁ። «አትችልም» ይበሏቸውና ይመለሱ። ልጅዎ ምናለ ቢቆጣ እኛ ቤት አልጋ አለ።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎ፣ መርዶዬን አግንኜዋለሁ። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። የወደቀው ሦስት ድንጋይ ነው፣ እሱንም በጭቃ መልሼዋለሁ፣ ተንጋዷል እንጂ። እስከዳር እያነከሰች ተማሪ ቤት ሄዳለች። እድሩ የሦስት ልቅሶ ዕቃ እንዳጥብ ፈርዶብኛል፣ ፖሊሱም ሲያገኘኝ ይስቃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ትንሽ ሳለ ነው የጻፍኩልዎት፣ አያ ዳኛው። ትልቅ ሲሆንና ድንኳኑ ለሰው ሲተከል ለእርስዎ መጻፍ አልችልም።

አላምረው
ከድብ ባሕር