ተራህ ሳይደርስ የተቀበልከው ጽዋ

መኮንኔ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀረው። መርሳ ደህና ናት። ወፍጮ ቤቱ እንደ ድሮው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። ትልቋ ልጅህ ወልድያ ተድራለች። ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የምትረግመው የሚያፈስ ጣራም በመጨረሻ ተሠርቷል። ይህን ሁሉ የማወራህ ዋናውን ነገር ለመናገር አፌ ስለከበደኝ ነው። የጻፍኩልህ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።

በሐምሌ ሚካኤል ማኅበራችን ላይ ተራህ ሳይደርስ እጅህን ዘርግተህ ጽዋውን ተቀበልክ። ሕመም አድክሞህ ግድግዳ ይዘህ የምትቆም ሰው፣ የሚቀጥለውን ወር እኔ እደግሳለሁ አልክ። ጽዋ የተቀበለ ሰው እንደሚለው «ያድርሰን» ስትል ሁሉም አሜን አሉ፤ እኔ ብቻ ዝም አልኩ። እቤት ስንገባ ማን ሊደግስልህ ነው ብዬ ተቆጣሁህ። አንተ ጽዋውን ከነመሸፈኛው ቁምሳጥኑ ላይ አስቀምጠህ ፈገግ አልክ። ወሩ ሳያልቅ ቀበርንህ።

አርባህ ሳይወጣ ጦርነቱ መርሳ ገባ። የሰፈሩ ግማሽ በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ ሸሸ፤ እኔ ልጆቹን ይዤ ቀረሁ። ስልኩም መብራቱም ጠፋ፣ ወፍጮውም ዝም አለ። ማኅበሩ ተበተነ፣ ጽዋው ግን እኔው ዘንድ ቀረ። ባየሁት ቁጥር በአንተም በእግዚአብሔርም እናደድ ነበር። መጸለይ ትቼ ነበር መኮንኔ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ኅዳር ሲቃረብ ግን ጽዋውን ሳልመልስ፣ ቃልህን ሳላደርስልህ ብሞትስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ። የቀረችኝን ጥቂት ማሽላ አወጣሁ። ዘይነባ፣ ያቺ ሰርጋችን ላይ ስትዘፍን ያደረችው ጎረቤታችን፣ ግማሹን በድንጋይ ወፍጮ ፈጨችልኝ። ለማኅበር መሆኑን ስነግራት «እኔ የማውቀው ጎረቤቴን ነው፤ አላህ ይቀበልሽ» አለችኝ። የወጣው መጠጥ ጠላ ሳይሆን ውሃ የበዛበት ቅራሪ ነበር። አንተ ብትቀምሰው ፊትህን ታጨማድድ ነበር።

ማንንም አልጠራሁም፤ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብዬም አላሰብኩም። በሚካኤል ዕለት ጠዋት ቤቱን ጠርጌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቄሱ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ገቡ። ቀጥሎ አያ ደምሴ መጡ። ከዚያ ግራና ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግተው የነበሩ ሁለት እናቶች በእርሻ ውስጥ አቋርጠው ደረሱ። ለካ ቀኑን ሁሉም በልቡ ይዞት ኖሯል። ሌሎችም ተከትለው መጡ፤ ዘጠኝ ሆንን። ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። ከአስፋልቱ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገታችንን ደፋን፤ ጸሎቱ ግን አልተቋረጠም። መኮንኔ፣ የዚያን ቀን እግዚአብሔር እቤታችን ገብቶ ነበር። ሌላ የምለው ቃል የለኝም። ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ አባታችን ሆይ አልኩ።

መጨረሻ ላይ ቄሱ የታኅሣሥን ጽዋ የሚቀበል ማን ነው ብለው ጠየቁ። እስከ ታኅሣሥ ማን እንደሚቆይ የሚያውቅ አልነበረም። ያኔ አያ ደምሴ፣ ቤታቸው በከባድ መሣሪያ የፈረሰባቸው ሽማግሌ፣ ብድግ አሉ። «ለኔ ስጡኝ። ቤት ባይኖረኝ ከዋርካው ሥር እደግሳለሁ» ብለው ጽዋውን በሁለት እጃቸው ያዙና «ያድርሰን» አሉ። ከሁሉም ቀድሜ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

አንተ በሐምሌ ያደረግኸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንደማትደርስ ታውቅ ነበር። እኔ የምደርስበት ቀን እንዲኖር ብለህ ነው የተቀበልከው። ተቆጥቼሃለሁና ይቅር በለኝ።

ጽዋው በተነሣ ቁጥር ወልደ ሚካኤል ብዬ በክርስትና ስምህ አስጠራሃለሁ፤ ከኔ በኋላ ደግሞ ልጆችህ ያስጠሩሃል። ነገ የሐምሌ ሚካኤል ነው። ተራዬ ገና ነው፤ እጄን ግን እዘረጋለሁ።

ባለቤትህ ጥሩነሽ