ልጃቸውን በመጀመሪያው ሰርቪስ የላኩት እናት
የወይዘሮ ፖንማላር ዴቫዳስ የሕይወት ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1951–2023)

ወይዘሮ ፖንማላር ዴቫዳስ ከአባታቸው ከመምህር ሳሙኤል ፖንያ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንባማል እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1951 በታሚል ናዱ፣ በፓላያምኮታይ ከተማ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሁለተኛዋ ናቸው። ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻው ወንድማቸው ሴልቪን ስሆን፣ አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማው በሚገኝ የሚስዮን ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። ወሬ ታበዛለች ተብለው ብቻቸውን መስኮት ሥር ቢቀመጡ፣ ከውጪ ካለው ኦቾሎኒ ሻጭ ጋር ጨዋታ መጀመራቸውን አብሮ አደጎቻቸው እስከ ዛሬ ያወሩታል። በ1972 ከማድራስ በምጣኔ ሀብት ተመርቀው፣ በ1974 በክልሉ የኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1976 ከባቡር ጣቢያ ኃላፊው ከአቶ ዴቫዳስ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ሱንዳርን እና ጄባራኒን ወለዱ።

በ1991 አገራችን በሯን ለውጭ ባለሀብት ስትከፍት፣ በመሥሪያ ቤቱ ኢንቨስተር የሚቀበል አዲስ ክፍል ተቋቋመ። ወንዶቹ ሁሉ ሲሸሹት እሳቸው ደስ ብሏቸው ገቡበት። ባልደረቦቻቸው፣ “ፖንማላር፣ ባዕድ ልትለምኚ ወጣሽ አሉ?” ብለው ሲያሾፉባቸው፣ “የሚለምኑት እነሱ ናቸው፤ እኔ በሩን ነው የማሳያቸው” ይሉ ነበር። ኮሪያውያኑንም ጃፓናውያኑንም በዚያ ፀሐይ ከማሳ ማሳ እያዞሩ መሬት አሳይተዋል፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ኢድሊ የሚባለውን የሩዝ ዳቦና ሳምባር የሚባለውን የምስር ወጥ ሳያበሉ የሸኙት እንግዳ የለም።

በ1997 አንድ የታይዋን ጫማ አምራች ፋብሪካ ለመሥራት ቬለንጉዲ ከተባለው መንደር ራቅ ያለ ሜዳ መረጠ። ዝናብ ተከታትሎ ቀርቶ እርሻው ደርቆ ስለነበር፣ የመንደሩ ልጃገረዶች ሩቅ ከተማ ወዳሉ የፈትል ፋብሪካዎች እየተሰደዱ ነበር። የኩባንያውን ተወካይ አቶ ሊንን ግን አንድ ነገር አስጨነቃቸው። “ሁለት ሺህ ሴት ሠራተኛ እፈልጋለሁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ካልሰጡኝ ወደ ጎረቤት ክልል እሄዳለሁ” አሉ።

እህቴ ወደ መንደሩ ሲሄዱ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ። እናቶቹ በኒም ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። እህቴ ኮሌጅ ልትገባ ስላለችው ልጃቸው ሳይቀር ብዙ ከተናገሩ በኋላ፣ ካሩፓዪ የተባሉ ባልቴት ተነሡ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽ ማር ነው። የኛ ልጆች የባዕድ ጫማ ሲሰፉ፣ ያንቺዋ ኮሌጅ ልትንፈላሰስ! ያን ያህል ደግ ከሆነ መጀመሪያ የራስሽን አታመጪም?”

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እህቴ ሳቁ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ፣ “ትመጣለች” አሉ።

በመመለሻችን ላይ ፊታቸው ገረጥቶ፣ “ዴቫዳስ ምን ይለኛል?” አሉኝ።

“እትዬ፣ ዴቫዳስ እንኳ ምንም አይልም። የምታርድሽ ጄባራኒ ናት።”

“አፍህን ዝጋና ንዳ!”

ጄባራኒ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችው በዚያው ሰሞን ነበር። “ሳታማክሪኝ ሰጠሽኝ?” ብላ አለቀሰች። ሲነጋ ግን ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጀች። ለአንድ ዓመት ብቻ ተባለና፣ ፋብሪካው ሥራ ሊጀምር ሲል ካሩፓዪ ቤት አረፈች።

እናቶቹ ደግሞ በቀላሉ አልለቀቁም። ጥበቃዋ ሴት የሆነች ሰርቪስ ይኑር፣ ሳይመሽ ቤት ያድርሳቸው፣ ለወለዱትም የሕፃናት ማቆያ ይሠራ አሉ። እህቴ ይህን ሁሉ ውል ውስጥ ካላስገባችሁ መሬቱ አይፈረምም ብለው ድርቅ አሉ። አቶ ሊን ከፈረሙ በኋላ፣ “ሠራተኛ ፈልጌ አማት አገኘሁ!” ማለታቸው ይታወሳል። ለፋብሪካው ምርቃት በሙዝ ቅጠል ላይ ምሳ ቀርቦላቸው፣ በልተው ሲጨርሱ ቅጠሉን በለቅሶ ቤት ብቻ እንደሚደረገው ወደ ውጪ አጥፈው ተዉት። ካሩፓዪ፣ “ውይ! ማን ሞተብህ ልጄ?” ብለው መንደሩን በሳቅ ገደሉት።

ሥራ ሲጀመር በመጀመሪያው ሰርቪስ ከጄባራኒ ሌላ የተሳፈሩት ጥቂት ነበሩ። ሰርቪሱ ሳይመሽ እንደተባለው ሲመልሳቸው ያዩት እናቶች ግን በማግሥቱ የልጆቻቸውን ፀጉር ጎንጉነው፣ የጃስሚን አበባ ሰክተውላቸው፣ አስከትለዋቸው መጡ። ለመቀመጫ ግፊያ ተጀመረ።

ዓመቱ ሲያልቅ እህቴ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። ጄባራኒ ግን፣ “አልሄድም እማ። የመስመር ኃላፊ ልሆን ነው፤ ለሥልጠናም ታይዋን ይልኩኛል” አለች።

“ኮሌጁስ?” ብለው ጮኹ እህቴ። “አንድ ዓመት አልኩ እንጂ ዕድሜሽን ሁሉ አልኩሽ?”

ካሩፓዪ ከበራፉ ሆነው፣ “ለኛ ልጆች ጥሩ ነው ስትይን ከርመሽ፣ ላንቺ ልጅ ሲሆን መረረሽ?” አሉ።

እህቴ ተቆጥተው ሄዱ፤ ለሳምንታት ከልጃቸውም ከካሩፓዪም ጋር ተኳረፉ። በመጨረሻ አንድ ሹራብና አንድ ማሰሮ በበርበሬ የታሸ የማንጎ አቻር ይዤ እንድሄድ አዘዙኝ። “ታይዋን ብርድ አለ አሉ። ምግባቸውም አልጫ ነው” አሉኝ፤ ዕርቁ በዚሁ አለቀ። ጄባራኒ ከሥልጠናዋ ተመልሳ በማታው ክፍለ ጊዜ ኮሌጇን ጨረሰች፤ ዛሬ የዚያው ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ናት። እናቷ ይህን ለማያውቁት ሁሉ፣ አውቶቡስ ላይ ለተገናኙት ሰው ሳይቀር፣ ሳይጠየቁ ይናገሩ ነበር።

ወይዘሮ ፖንማላር በ2009 በክብር ጡረታ ወጡ። ከዚያም በኋላ ቬለንጉዲ ያለ እሳቸው ሠርግ አትደግስም ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሰሞን ሐኪሙን፣ “ይህ ደም የሚያጣራው ማሽን የት ነው የሚሠራው?” ብለው ጠየቁት።

“ጀርመን ነው፣ እማማ።”

“እዚህ ለምን አይሠሩትም? መሬት ሞልቶናል። ስልካቸውን ፈልግልኝ።”

ሐኪሙ ስልኩን አምጥቶላቸው፣ ደውለው፣ “በሚቀጥለው ወር ኑና ምሳ ላብላችሁ” ብለው ጋብዘዋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 2023 በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚያ ግብዣ ከጀርመን የመጡት ሁለት እንግዶች ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ምሳቸውን ቬለንጉዲ ታበላቸዋለች።

ወይዘሮ ፖንማላር የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጆች እናት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። እንግዳን ሁሉ በደጃቸው ተቀብለው እንዳስተናገዱ፣ ጌታ በደጁ ይቀበላቸው። ለባለቤታቸው ለአቶ ዴቫዳስ፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናቱን ይላክልን። አሜን።