ፎቶ ካላየሁ አላምንም

ሰኞ፣ ጥር 4

ዝናብ። ጥር ላይ ምን ይሠራል? ቦንጋ ላይ ዝናብ ወር አያውቅም። ሱቁ ጭር ብሎ ዋለ። ከቢታ ገነት የመጡ አንዲት እናት ብቻ ገቡ፣ ሌላ ቦታ የገዙትን ጨርቅ ይዘው። "ልጄ፣ ጥጥ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ እስቲ እዪልኝ።" ክር መዘዝኩ፣ ክብሪት ጫርኩ። ጥጥ ቢሆን አመድ ይሆን ነበር። ቀልጦ ተኮማተረ። ናይለን። ፊታቸው ሲለወጥ አሳዘኑኝ... ግን ምን ላድርግ?

እማዬ ከጓዳ ሆና "ባል ሲመጣልሽም ክብሪት ልትጭሪበት ነው" አለች።

ልጭርበት ነው።

ሽማግሌ የላከው አብራር ይባላል። ዋጫ ከተማ ስልክ ይጠግናል። አንዴ ብቻ ነው ያየሁት፣ ለእህቱ ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ። ያን ቀንም ክር እያቃጠልኩ ነበር። እኔን ሳይሆን እሳቱን ነበር የሚያየው። ሌላ ምን አውቃለሁ? "ደህና ልጅ ነው" ይላሉ። ደህና ልጅ ያልተባለ ሙሽራ አለ እንዴ? አባባ "ልጅቷን ላናግራት" ብሎ ሽማግሌዎቹን ለየካቲት 1፣ እሑድ ቀጥሯቸዋል። ረመዳን ሳይገባ መልስ ይፈልጋሉ።

እስከዚያ በስልክ ብናወራ ተፈቅዶልናል። ወሬ የለንም ግን። በመጨረሻ "ሱቅ ጭር ሲል ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ። "ጌም" አልኩ፣ እያፈርኩ። ወንድሜ ሚንሃጅ ነው የጫነልኝ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሆኖ ከመሄዱ በፊት። ጫካ ለጫካ እየዞሩ አውሬ ማጥመድ፣ ማሳደግ፣ ማዋጋት። አብራርም ያውቀዋል! ሳቀ። ሳቁ ደስ ይላል። (ይሄ ማስረጃ አይሆንም።)

እዚያው አንድ ነገር መጣልኝ። "በከባድ ሕግ ከዜሮ እንጀምር" አልኩት። በየሰፈሩ መጀመሪያ ያገኘነውን አውሬ ብቻ ነው የምናጠምደው፣ ባይረባም። በውጊያ የወደቀ ሞቷል፣ አይነሳም፣ ይሰናበታል። ሁሉም ስም ይወጣለታል። የመጀመሪያውን አውሬ ስም ደግሞ አንዳችን ለአንዳችን እናወጣለን።

ጨዋታ መስሎታል። ዳኛ የለውም እኮ። ማንም በማያየው ቦታ ምን ያደርጋል? ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው። ደግሞ ስልክ ጠጋኝ ነው፣ የሞተውን አስቀድሞ ካስቀመጠው ኮፒ መመለስ ለሱ የደቂቃ ሥራ ነው።

የሱ አውሬ ጭቃ የመሰለ፣ ባለ አንድ ቀንድ፣ ግትር ነገር ነው። ግንባሩ ወንድሜን መሰለኝ። ሚንሃጅ አልኩት። የኔን ግራዋ አለው። "ለምን?" ብለው "መራራ ናት ብለውኛል" አለ። ማነው ያለው?

ረቡዕ፣ ጥር 6

ወንዙ ዳር መጀመሪያ ያገኘሁት የምትጮህ ወፍ ናት። አፏ አይዘጋም። ይመኙሻል አልኳት፣ በጎረቤታችን በእትዬ ይመኙሻል ስም። ቢሰሙ ይገድሉኛል።

ዓርብ፣ ጥር 8

አብራር የጌሙን የመጀመሪያ አለቃ አሸነፍኩ አለ። ገና በአምስተኛው ቀን? "ፎቶ ካላየሁ አላምንም" አልኩት። ላከ። የስክሪኑ አናት የለም፣ ሰዓቱና ቀኑ ተቆርጧል። ለምን? "አውሬውን የሚሸፍንብሽ መስሎኝ ነው የቆረጥኩት" አለና ሙሉውን መልሶ ላከ። ቀኑም ትክክል፣ ሰዓቱም ትክክል።

ይሄም ያጠራጥራል። እንዲህ ቶሎ የሚታዘዝ ሰው...

ማክሰኞ፣ ጥር 12

የዛሬው መዓት።

ጠዋት ድልድዩ ላይ ወፏ ወደቀች። ጣቴ ስልኩ ማጥፊያ ላይ ነበር። ጌሙ ሴቭ ሳያደርግ ባጠፋው ወፏ ትተርፋለች። ማን ያያል? ቆየሁ፣ ቆየሁ... ተውኩት። ሞተች። ለካ ቀላል አይደለም። ታዲያ እሱ ይችለዋል?

ለአብራር ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እየጮህኩ ነው የማወራው። "ይመኙሻል ሞተች! አዎ፣ ዛሬ ጠዋት! ድልድዩ ላይ!" እማዬ ጓዳ ነበረች። ሻሿን ጣል አድርጋ መውጣቷን እንኳ አላየሁም።

እትዬ ይመኙሻል ሚካኤልን ለማስገባት ታቦቱን ተከትለው ሄደዋል፣ ቤታቸው ዝግ ነው። እማዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ ማልቀስ። አላፊ አግዳሚው ከበባት፣ ሴቶቹም አብረው ማልቀስ። ከዚያ እትዬ ይመኙሻል ራሳቸው ነጭ በነጭ ለብሰው እያሸበሸቡ መጡ። ለቅሶውን ሲያዩ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ አጠገቧ ተቀምጠው "እኔን!" እያሉ አለቀሱ። እማዬ ቀና ስትል...

ማታ ለአብራር ስነግረው ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ድንገት "እናትሽ የምናወራውን ይሰማሉ ማለት ነው?" አለ። "ይሰማሉ ብቻ? ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው፣ መልእክት ሲገባ እሷ ናት ቀድማ የምታነበው" አልኩት። ለምን ጠየቀ?

ረቡዕ፣ ጥር 13

እማዬ አዋጅ አወጣች። ከዛሬ ጀምሮ በሰው ስም መጫወት የለም። የአብራርን አውሬ ስም አልነገርኳትም።

እሑድ፣ ጥር 17

የመጀመሪያውን አለቃ ጣልኩት! ግራዋ ብቻውን ቀርቶ፣ አንዲት ጭላጭ ነፍስ ይዞ። ለአብራር ስነግረው "ጎበዝ" አለ። በቃ? ድሮ በየት ገባሽ፣ በምን መታሽው ይል ነበር። "ያንተ ሚንሃጅስ?" አልኩ። "ትንሽ ሰው መጥቶብኛል፣ ልደውልልሽ" ብሎ ዘጋ። አልደወለም።

እውነተኛው ሚንሃጅም ከደወለ ቆየ። በረሃው ላይ ኔትወርክ የለም ይላል ሁልጊዜ። እማዬ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቀድማ ታነሳለች፣ እሱ ሳይሆን ሲቀር መልሳ ታስቀምጣለች።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ፎቶ ላክ አልኩት። የሱቁን ፎቶ ላከ። የጌሙን አልኩት። መልሱ እንዲህ ነው፦ "ለጊዜው መጫወት አቁሜያለሁ። ስንገናኝ እነግርሻለሁ።"

ስንገናኝ? በስልክ የማይነገር ምን ነገር አለ?

ዓርብ፣ ጥር 22

ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። አውሬው ሞቶበት ከኮፒ መልሶት ይሆናል። ፎቶውን ብመረምር እንደምይዘው ስላወቀ አቆምኩ አለ። ወይ ሌላ ልጅ አለችው። ስንገናኝ እነግርሻለሁ የሚባለው እንዲህ ያለው አይደል? ወይ ሽማግሌ በመላኩ ተጸጽቷል...

ከዋጫ ጨርቅ ሊወስድ የመጣ ደንበኛችን ተስፋሁን አብራር ሱቅ ገብቶ እንዳየው ነገረኝ። "ስልክ ሰጥቼው መጠገኑን ትቶ በራሱ ስልክ ፈዞ አገኘሁት" አለ። በራሱ ስልክ! አቁሜያለሁ አላለም?

ክፋቱ ደግሞ ድምፁ ናፈቀኝ። ይሄን እንኳን ለሰው ለራሴም መንገር አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ሚንሃጅ እስካሁን አልደወለም። እማዬ ምሳ ሳትበላ ዋለች።

አባባ ሱቅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ሀፍሳ፣ እሑድ ምን ልበላቸው?" አለ። "እስከ እሑድ አለ አይደል" አልኩ። "ልጁ አጥፍቷል?" አለኝ። ምን ልበለው? አውሬ ደብቆብኛል ልበለው? አባባ እኮ በአርባ ዓመት ንግዱ ጨርቅ በእጁ ዳብሶ ነው የሚያውቀው፣ ክብሪት አያውቅም። "አንቺ ያልሽው ይሆናል" ብሎ ሄደ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ወሰንኩ። አይሆንም። በጨዋታ የደበቀ በቤት አይደብቅም?

ቅዳሜ፣ ጥር 30

በሥርዓት ልጻፈው።

የሱብሂ ሶላት እንዳበቃ ነው። አባባ ጉንፋን ይዞት መስጊድ አልሄደም። ገና አልነጋጋም። በር ተንኳኳ፣ እማዬ ከፈተች፣ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ሁለት ወንዶች። ፊት ለፊት ጋሽ ሰላሐዲን፣ የአብራር አጎት፣ እዚሁ ቦንጋ የሚኖሩ። ከኋላቸው አብራር፣ አንገቱን ደፍቶ። በዚያ ሰዓት፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ አንገት ደፍቶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ አለ?

እማዬ ግድግዳውን ያዘች። "ሚንሃጅ ነው?" አለች።

አብራር ደንግጦ ቀና አለ። "እንዴት አወቁ?" አለ።

እንዲህ ነው ያለው። እንዴት አወቁ!

የእማዬን ጩኸት ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። እኔም ጮህኩ። ጌሙ ትዝ እንኳ አላለኝም። ወንድሜ ብቻ ነው የታየኝ፣ መኪናው ገደል ገብቶ። እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ባዶ እግራቸውን ደረሱ፣ "ሚንሃጅዬን! አሳዳጊህ ሳልሞት!" እያሉ። አብራር መሀል ቆሞ "የስልኩ ነው! የጌሙ ነው!" ይላል፣ ማን ይሰማዋል? ጋሽ ሰላሐዲን "ኧረ እኔ ምንም አላውቅም፣ አድርሰኝ ብሎኝ ነው" ይላሉ።

አባባ ብቻ ነው ስልኩን ያነሳው። ጠራ። ጠራ።

"ሃሎ... አባባ? ምን ሆናችሁ በጠዋቱ? ሚሌ ነው ያደርኩት፣ ተኝቼ ነበር።"

እማዬ ስልኩን ቀምታ አንድ ቃል ሳትናገር አለቀሰች። ሚንሃጅ ከወዲያ "ማን ሞተ? ንገሩኝ እንጂ!" ይላል። አባባ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሲስቅ ነው ሲያለቅስ ነው... አልለየም።

ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ ግቢ ውስጥ አነጋገርኩት። ጋሽ ሰላሐዲን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ተቀመጡ። አብራር ገና ላብ በላብ ነው። አውሬው ሁለተኛው አለቃ ጋ ነው የወደቀው አለ፣ እኔ የመጀመሪያውን በጣልኩ ሰሞን። "በኔ ችኮላ ነው፣ መሸሽ ነበረብኝ" አለ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ሚንሃጅ ሞተ ብዬ ልጻፍ? እናትሽ ቢያነቡትስ? ለይመኙሻል እንዲያ የሆኑ... ደግሞ መርዶ በስልክ ይነገራል?"

በሰው ልንገራት ብሎ አሰበ። ብቻውን መምጣት ነውር ነው። አጎቱ ደግሞ ለማር ግዢ ማንኪራ ሰንብተው ትናንት ነው የተመለሱት። ሱቅ ሳትከፍት ልድረስ ብሎ በጠዋት መጣ። ሁሉን አስቦ፣ ሁሉን ተጠንቅቆ... አንዷን ነገር ብቻ አላሰባትም።

"እሑድ ካለፈ በኋላ ብትነግረኝስ?"

"ነገ እሺ ብትዪኝስ? ሳታውቂ?"

ግን እኔ እኔ ነኝ፣ የቀረኝን ጠየቅኩ። "ኮፒው አለህ?"

ስልኩን አወጣ። አለ። አውሬው በደህናው ጊዜ የተቀመጠው ኮፒ፣ ቀንዱን ቀጥ አድርጎ። "ሰሞኑን እሱን እያየሁ እቆዝም ነበር" አለ። ተስፋሁን ያየው ይሄንን ነው።

"አንድ ጊዜ ብትነካው ይመለስ ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። ለምን አልመለስከውም?"

ጥያቄው ግራ እንደገባው ሰው አየኝ።

"ሞቷላ" አለ።

እማዬ እስከ ምሳ ድረስ አላናገረችውም። ከዚያ "ልጁ ጅል ነው" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ "ሌባ ግን አይደለም" አለች።

እሑድ፣ የካቲት 1

ሽማግሌዎቹ መጡ። የትናንቱን ሰምተዋል፣ ጢማቸውን እየዳበሱ ሳቃቸውን ይደብቃሉ። አባባ ጓዳ ገብቶ "እህ?" አለኝ። "እሺ በላቸው" አልኩት። ፈርቼ ነው ያልኩት፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እማዬ ጠራቻቸው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አላት። የልጁ አዲስ አውሬ ስም በሷ ይወጣል። ሽንኩርት።

ማታ አብራር ደወለ። ዋሻው ውስጥ መጀመሪያ ያገኘው ዓይን የሌለው ትል ነው፣ ምንም የማይረባ። ይዞታል፣ ሕግ ሕግ ነው። "ሽንኩርት ዛሬ ብቻ ሌቭል ሰባት ገባ" አለኝ።

በአንድ ቀን ሌቭል ሰባት? ትል?

"ጎበዝ" አልኩት። ፎቶ አልጠየቅኩትም።