የሽባባው ጣትና የክሊኒካችን መሐላ

ይድረስ ለእህቴ ለአዛለች፣ ድሬዳዋ።

ከሁሉ አስቀድሜ ከሩቅ ሆኜ እጅሽን ይዤ እንደምን ነሽ እልሻለሁ። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነዝርሽ ጉልበት ተሻለሽ ወይ? ወይስ እዚያ ዝናብም የለም? ባለቤትሽ አቶ ሸዋንግዛው እንደምን ነው? ሱቁስ እንዴት ይዟችኋል? ልጆቹስ በጤና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ባለቤቴ አሰፋሽ ደኅና ናት፣ ከብቶቹም ደኅና ናቸው፣ እናታችን የተከለችው እንሰትም እንደ ቆመ አለ። ስለ እንሰቱ ያልሁትን ሁለት ጊዜ አስነብቢው፤ ለምን እንዳልሁ አሁን እነግርሻለሁ።

ቃሉ የእኔ ቢሆንም ብዕሩን የያዘው የክሊኒካችን ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክመው ወልደአማኑኤል ነው። የመንዝ ሰው ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ነው ይላሉ። ስለ ራሱ ክፉ ስናገር ቶሎ ይጽፋል፣ ደግ ስናገር ግን ብዕሩ ይደርቅበታል። እኔ ሁሉንም ጻፍ ብዬዋለሁ። ማንበብ ባልችልም እየመለሰ ሲያነብልኝ የጎደለውን አውቃለሁ።

በጥር የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። ጋሼ፣ ከዚያ ቦርድ ከሚሉት ነገር ውጣ፣ በሰው ጣት የአባታችንን ቤት ልታስበላው ነው፣ ካልወጣህ ድርሻዬን ለይልኝ ብለሻል። ደብዳቤሽ ተነብቦ ሲያበቃ አሰፋሽ እኔን አየችኝና ወደ እንሰቱ ወጣች። መልስ ያልሰጠሁሽ ንቄሽ አይደለም፤ አሸንፌ ልመልስላት ብዬ ነው። አሁን አሸንፌአለሁና ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ክሊኒኩን የሠራነው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው፤ ከጉብሬ ወደ ቸሃ በሚያወጣው መንገድ ዳር። ድንጋዩን የተሸከምን እኛ ነን፣ ቆርቆሮውን የላኩት አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻችን ናቸው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን የክሊኒኩን ማኅበር በቦርድ የሚመራ ሰው ጠፋ። ምረጡ ሲባል ሁሉም ጎረቤቱን ያሳያል። ሕክምና እንደ ጨርቅ ንግድ አይደለማ። ታማሚ ይሞታል፣ የተወጋ ያብጣል፣ ዘመድ ይከሳል። ሰብሳቢው ቢከሰስ ቤቱን ሊያጣ ነው፣ ድሬሰሩ ቢከሰስ ወህኒ ሊወርድ ነው። እንዲህ ከሆነ ማን ይመረጣል? ማንስ ከአገሩ ተነሥቶ መጥቶ ይቀጠርልናል?

ያን ጊዜ ነው ክርስቲያኑም እስላሙም ከዝግባው ሥር ተሰብስበን ጉርዳ የገባነው። የጉርዳ መሐላ ምን እንደሆነ ለአንቺ አላስተምርሽም። አባታችን ጉርዳ ከገባበት ነገር ማንም እንደማይመልሰው አይተሽ አድገሻል። ቃሉ እንዲህ ነበር። በክሊኒኩ ሥራ ላይ ሆኖ በቅን ልብ የሠራ ሰው ቢከሰስ፣ ቢሳሳት እንኳ፣ ክሱ የሁላችን ነው። ጠበቃውን እኛ እናቆማለን፣ የተፈረደበትን እኛ እንከፍላለን፣ ቤቱ አይነካም። ሰክሮ የሠራ፣ ለኪሱ የሠራ፣ በቂም የሠራ ግን ብቻውን ይቁም፣ እኛ አናውቀውም። ይህን ስንምል በቀኜ በኩል ቆሞ የነበረው የላይ ሰፈሩ ሽባባው ነው። ድምፁ ከሁላችን በላይ ይሰማ ነበር።

በዚህ ቃል ነው እኔ ሰብሳቢ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሸረፋ ምክትል ለመሆን እሺ ያልነው። ወልደአማኑኤልም ይህንኑ ሰምቶ ተቀጠረልን። የማኅበሩ ደንብ ሲጻፍ ጸሐፊው ይህንንስ ላግባው ወይ ብሎ ጠይቆን ነበር። ሁላችንም በአንድ አፍ እምቢ አልን። ጉርዳ ይጻፋል እንዴ? የሚጻፈው የማይተማመኑ ሰዎች ነገር ነው አልነው። የአገራችንን ሰው ታውቂው የለ፣ የማለውን ነገር ጻፍ ብትዪው ሰደብሽኝ ይላል።

እንግዲህ ወደ ጣቱ ልምጣ። ባለፈው መስቀል፣ በእርዱ ቀን፣ ሽባባው በሬውን ሲበልት ቢላው አመለጠውና የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት መታው። በመስቀል ደግሞ ማን ከቤቱ ይወጣል? ልጆቹ ከአዲስ አበባ ገብተዋል፣ ክትፎው ቀርቧል። ደም እያንጠባጠበ ሐኪም ፍለጋ ቢወጣ በዓሉን አበላሸው ሊባል ነው። ስለዚህ ጣቱን በቃጫ ጥብቅ አድርጎ አሰረና፣ ግራ እጁን ከጋቢው ሥር ደብቆ፣ በቀኙ እየጎረሰ፣ በአረቄ ሕመሙን እያስተኛ በዓሉን ተወጣው። እንግዳ ሁሉ ተሸኝቶ ወደ ክሊኒኩ ሲመጣ ጣቱ ከሰል መስሏል። ሽታው ከሰውየው ቀድሞ ገባ።

ወልደአማኑኤል ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሆስፒታል ይሂድ አለ። በምን ይሂድ? መንገዱን ጭቃ ይዞት መኪና ካየን ሰንብተናል። እኔንና ሸረፋን አስጠራን። ብቆርጠው ከተፈቀደልህ በላይ ሠራህ ተብዬ እከሰሳለሁ፣ ባልቆርጠው እጁ በሙሉ ይሄዳል፣ ምን ትላላችሁ አለን። ሸረፋ እኔን አየኝ። እኔ ቁረጥ አልሁ። ሸረፋም፣ እኔ ብሆን ቢስሚላህ ብዬ እቆርጥ ነበር፣ አንተም በሥላሴ ስም በልና ቁረጥ፣ ብቻ ፍጠን አለው። ቆረጠው። ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስም በየቀኑ ቤቱ ድረስ እየሄደ ያጥብለት ነበር። ሽባባውም ዳነ፤ የምስጋና ዶሮ ልኮልን በልተናል።

ዶሮዋ ከሆዳችን ሳትወጣ ከአዲስ አበባ ጠበቃ የሆነ የእህቱ ልጅ መጣ። ጣትህን ማን ቁረጥ ብሎት ቆረጠው? ማኅበሩ ከቆርቆሮ በቀር ምን አለው? ሰዎቹን ራሳቸውን ክሰስ አለው። ሽባባውም ሰማው። እኔን፣ ሸረፋንና ወልደአማኑኤልን ወልቂጤ ላይ ከሰሰን። ካሳው እስኪፈረድ ንብረታቸው ይያዝልኝ ስላለ ቤቴና ማሳዬ ታገደ። ይህን ሊነግር የመጣው የፍርድ ቤት መልእክተኛ እግዱን ሲያነብ አሰፋሽ ከእንሰቱ መካከል ቀና ብላ፣ ዝናቡንስ አግዳችሁታል ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰውየው እኔ የታዘዝሁትን ነው እናቴ አለ። ጎመን በቆጮ አብልታ ሸኘችው።

አንቺ የሰማሽው እዚህ ድረስ ያለውን ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን ደግሞ እኔ ልንገርሽ።

ወልደአማኑኤል ሻንጣውን አሰረ። እንግዳ ሰው ነኝ፣ እኔ ከሄድሁ ለእናንተም ይቀላል አለ። የቆረጥኸው በእኔ ቃል ነው፣ አንተ ከሸሸህ እኔ ውሸታም ሆንሁ ማለት ነው አልሁት። አልሰማ ሲለኝ አሰፋሽ ጫማውን ደበቀችው። ይኸው አሁን ይህን ሲጽፍ ይስቃል። ሸረፋ ደግሞ እኔን ሊያጽናና መጥቶ፣ ቤትህን ከወሰዱብህ ከእኔ ጋር ትኖራለህ፣ ማንኮራፋትህን ግን ለቤቱ ገዥ ትተህለት ትመጣለህ አለኝ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ማኅበሩ ያቆመልን ጠበቃ ተነሥቶ፣ እነዚህ ሰዎች የሠሩት ለማኅበሩ ነው፣ ማኅበሩም ሊተካላቸው ምሏል አለ። ዳኛው ጽሑፉን አምጡ አሉ። ጽሑፍ የለም። የሽባባው የእህት ልጅ ሳቀ። ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሾቹ የዛፍ ሥር ወሬ ይዘው ቀርበዋል አለ። ያን ቀን አዛለች፣ ከክሱ ይልቅ ያ ሳቅ አንገበገበኝ። ዳኛው ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምስክር ካላችሁ አቅርቡ ብለው ቀጠሩን።

ከዝግባው ሥር ስንሰበሰብ ልጆቻችን ተቆጡ። ሽባባውን እሳት እንንፈገው፣ ለቅሶውም አንሂድ አሉ። እኔ እምቢ አልሁ። ሽባባው ከእኛ ጋር የማለ ሰው ነው፣ እስኪክድ ድረስ የእኛው ነው፣ የሚክድም ከሆነ ከዳኛው ፊት እኔን እያየ ይካድ አልሁ። አንዳንዱ ሽማግሌው ፈራ አለ። ይበሉ አልሁ።

በቀጠሮው ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ በእግሩ ወልቂጤ ወረደ። የፍርድ ቤቱ ግቢ የገበያ ቀን መሰለ። ዳኛው ይህ ሁሉ ሕዝብ ምንድን ነው ቢሉ፣ ዋስ ነው ጌታዬ፣ የተፈረደብንን ሁሉ የሚከፍል ዋስ ነው አልሁ። ይህን ሁሉ ምስክር ልሰማ አልችልም አሉ። እኔም አንድ ይበቃኛል፣ ሽባባውን ጠይቁልኝ አልሁ። የእህቱ ልጅ ተነሥቶ ከሳሽ ለተከሳሽ አይመሰክርም ብሎ ጮኸ። ዳኛው ተቀመጥ አሉትና ወደ ሽባባው ዞሩ። እነዚህ ሰዎች ማልን ባሉበት ቀን ነበርህ ወይ አሉት።

አዛለች፣ ቤታችንም፣ የወልደአማኑኤል እንጀራም፣ ክሊኒኩም ያን ጊዜ በአንድ ሰው ምላስ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አልነበርሁም ቢል ማን ምን ያደርገዋል? ወረቀት የለ። ሽባባው የእህቱን ልጅ አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔ ዓይኔን አልነቀልሁም። ነበርሁ አለ። ምለሃል ወይ ተባለ። ምያለሁ፣ ከዳምጤ በስተቀኝ ቆሜ ምያለሁ ብሎ እኔን አሳየ። ዳኛው፣ እንግዲያማ የምትጠይቀውን ካሳ ከሚከፍሉት አንዱ አንተ ነህ አሉት። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያን ቃል ማውጣት ምን እንደሚከብድ አውቃለሁና።

ጠበቃው የእህቱ ልጅ ግን አልተሸነፈም። መሐላው ሰክሮ የሠራን አያድንም ተብሏል፣ ድሬሰሩ የመስቀል አረቄ ጠጥቶ ነበር አለ። ይህን ጊዜ ሽባባው ሳይጠየቅ ተነሣ። ልጄ ተው፣ ሰክሬ የነበርሁት እኔ ነኝ፣ እሱማ እጁም አልተንቀጠቀጠ አለው። ከሆስፒታል የተጠራው ሐኪምም ጣቱን የገደለው የቃጫው እስር ነው፣ ባይቆረጥ ኖሮ እጁን፣ ምናልባትም ነፍሱን ያጣ ነበር ብሎ መሰከረ። ዳኛው ፈረዱ። ክሱ ወደ ማኅበሩ እንጂ ወደ ሰዎቹ አይሄድም፣ እግዱ ተነሥቷል፣ ማኅበሩም የሠራው ለማዳን ነውና ካሳ አይከፍልም አሉ። በእልልታው የግቢው ፈረሶች ደነበሩ።

ስንወጣ ዳኛው እኔን ጠርተው፣ አባቴ፣ ይህን ቃላችሁን ጻፉት፣ እናንተ ስታልፉ ልጆቻችሁ በምን ያውቁታል አሉኝ። እንጽፈዋለን ጌታዬ፣ መማሉን ግን አንተውም አልኋቸው። ከደጅ ሽባባው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። በዚያችኛዋ ጨብጠኝ አልሁት። በግራው ጨበጠኝ።

አሁን ቃሉ በደንቡ ውስጥ ገብቷል፣ ሁላችንም አውራ ጣታችንን አትመንበታል። ሽባባው በጎደለ እጁ መቆፈር ስለሚያስቸግረው በደቦ ማሳውን ቆፈርንለት። የሠራልን ሰው የእኛ ከሆነ የተጎዳውም የእኛ ነው ብለናል። ወልደአማኑኤል ሻንጣውን ፈቷል። እኔን ደግሞ እንደገና ሰብሳቢ አደረጉኝ፤ እምቢም አላልሁ። መሐላውን ስናድስ አሰፋሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ እኛስ አንወልድበትም ወይ፣ ለምን ወንዱ ብቻ ይምላል ብላ እሷም ሌሎቹም ማሉ።

የድርሻሽ ነገር፣ እንሰቱ ያለበት አለ። ይለይልኝ ካልሽ ለመስቀል ነይና ራስሽ ቆመሽ አስለኪ። ከዚያ በፊት ግን ከዝግባው ሥር ትቆሚያለሽ። አንቺም የዚህ አገር ልጅ ነሽ፣ ክሊኒኩም የአንቺ ነው። በደብዳቤ ምያለሁ ብትዪኝ አልቀበልም፤ ጉርዳ በአፍ ነው የሚገባው።

ለአቶ ሸዋንግዛው እጅ ነሥቻለሁ፣ ዘንድሮ ሱቁን ዘግቶ አብሮሽ ይምጣ በዪው። ለዓለምዘውድ አጎትሽ ጉንጭሽን ስሟል በዪልኝ። ትንሿን መሰለችን ከእግሯ እስከ ራሷ ሳሚልኝ፣ ጥርስ አብቅላለች ወይ? አሰፋሽ የዓመቱን ቅቤ አስቀምጬልሻለሁ ትላለች። ሸረፋ ሰላም ብሎሻል፤ የድሬዳዋ ሽርጥ በምን ዋጋ እንደሆነ ጠይቂልኝ ይላል፣ ንግዱን መቼም አይረሳም። ወልደአማኑኤል ሳያውቅሽ አክብሮቱን ይልክልሻል።

ሽባባውም በዘጠኝ ጣቱ እጅ ነሥቶሻል።

ወንድምሽ ዳምጤ፣ በአውራ ጣቱ ያተመ።

ወልቂጤ አጠገብ፣ ጉብሬ
ሰኔ 2 ቀን 1962 ዓ.ም.