ሰዓቴ ስግደት አያውቅም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ገበያ ቀዝቃዛ። ከጠዋት እስካሁን ከመኪና መለዋወጫ ሱቄ ሁለት የፍሬን ሸራ ብቻ ሸጥኩ። ሥራ ሲጠፋ እጅ ያሳክካል... ወደ ጎረቤቴ ወደ ጀዋር ሞባይል ሱቅ ገባሁ። ለስማርት የእጅ ሰዓቴ አዲስ ሶፍትዌር ወጥቷል አለኝ። አማርኛ ይናገራል!

«ግን ቤታ ነው።»

«ቤታ ማለት?»

«ገና አላለቀም። ስህተቱን እየተጠቀምክ የምታገኝላቸው አንተ ነህ።»

ያልተፈተሸ ፍሬን ለጠላቴም ሸጬ አላውቅም። ለራሴ እጅ ግን... ጫነው አልኩት።

«ስትወድቅ ለማን ልንገር?» አለኝ ሰዓቱ። ፍቅረኛዬ ሀኒ አልኩ። ሌላ ማን አለኝ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ቁጭ ብዬ ውዬ ስድስት ሺህ እርምጃ ሄደሃል ይለኛል። ሶማሌ ተራ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ደግሞ መሳለሚያ ጠጅ ቤት ነህ ይላል። ጠጅ ቀምሼ የማላውቀውን ሰውዬ!

ሀኒ ተቆጣች። «አጥፋው! ለዳግማ ትንሣኤ ሽማግሌ ልትልክ ነው። አባዬ ደሞ ሰበብ ነው የሚፈልገው።»

እውነቷን ነው። አባቷ ጋሽ ሀብተሚካኤል የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው። ይጠጣል ወይ እያሉ ሰፈሩን ሁሉ ስለኔ ጠይቀዋል። ጀዋርን አጥፋልኝ ስለው ወደ ድሮው የሚመለሰው ካምፓኒው ጋ ውጭ አገር ተልኮ ነው አለኝ። ይሄን አሁን ነው የሚነግረኝ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ጉልበቴም ስሜም አለቀ።

አማኑኤል ስሰግድ ዋልኩ። ስልኬ ድምፁን አጥፍቼው ኪሴ ውስጥ። ለካ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ሰዓቱ ለሀኒ «ማሙሸት ወድቋል» እያለ ይልካል። አርባ አንድ ጊዜ! ቦታውስ? መሳለሚያ፣ ጠጅ ቤት።

ሀኒ ጉንፋን ይዟት ቤት ተኝታለች። ብትደውልልኝ አላነሳሁም፤ ደንግጣ አባቷ ጋ ደወለች። እሳቸውም እኔ የምሰግድበትን ቅጥር ለቀው እኔን ፍለጋ መሳለሚያ ወረዱ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ የጠጅ ቤቱን በር በርግደው «ማሙሸት የሚባል ሰካራም እዚህ ወድቋል?»

የሰፈራችን እትዬ ወርቅዬ በዚያ ሲያልፉ አዩዋቸው። እትዬ ወርቅዬ ካዩ አዲስ ከተማ በሙሉ አየ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ሀኒ ደወለች። «አባዬ ልጄን ለሰካራም አልሰጥም አለ።» ስሰግድ ነበር ብል ማን ያምነኛል? አለቀስኩ። ማንም ስለማያነበው ልጻፈው... አለቀስኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

የሰዓቱን ጉድ ነግሬ ሽማግሌዎቹን ግን ላክኳቸው። እኔ በወጉ መሠረት ቀርቼ ሱቅ ውስጥ ጥፍሬን ስበላ ጋሽ ወልደሚካኤል ደወሉ። የሽማግሌዎቹ መሪ ናቸው።

«ሰዓቱን አድርገህ ቶሎ ና!»

በረርኩ። የነሀኒ ቤት ተደበላልቋል። ጋሽ ሀብተሚካኤል «ሰካራም ነው» ሲሉ፣ ጋሽ ወልደሚካኤል «በስቅለት ጠጅ ቤት የታዩትስ እርስዎ አይደሉ?» ብለዋቸው ኖሯል። አሁን የኔም የእሳቸውም ስም በዚህ የእጅ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሏል።

«በል ስገድና አሳየን» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም!» ጮኹ ጋሽ ሀብተሚካኤል። ስማቸው ጠፍቶ እንኳ ሥርዓት አይሻርም!

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተመካከሩ።

«እንግዲያው አትሰግድም፤ ውደቅ።»

ወደቅኩ። ዝም። ደግሜ ወደቅኩ። ዝም። አምስተኛው ላይ ክርኔ ተላጠ። ቤታው ተስተካክሎ ይሆን? ዛሬ? አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ ብልሽት ስጠኝ!

ሰባተኛው ላይ ከጓዳ የሀኒ ስልክ ጮኸ። እየሮጠች መጥታ አነበበች፦ «ማሙሸት ወድቋል። ቦታ፦ መሳለሚያ፣ ጠጅ ቤት።»

«ታዲያ ሁላችንም ጠጅ ቤት ነና!» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። ሳቅ ሆነ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ለመኮሳተር ሞከሩ። አልቻሉም። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ መጥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ተነስ ልጄ።»

ልጄ!

«በል የኔንም ቁጥር መዝግብ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ስትወድቅ ለኔም ይድረሰኝ።»