የአባትህን መኪና ካንዴላ ቀየርኩ

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢምራን፣ ዶሃ

አሰላሙ ዐለይኩም የኔ ልጅ፣ እንዴት ነህ? ሙቀቱስ በረደላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ሌላ የምለው ስለሌለኝ ነው። አባትህ ከሞተ ሃምሳ ሁለት ቀን ሆነው፤ አንድም ቀን አላለቀስኩም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "ፈቲያ፣ ጠንካራ ነሽ" ብሎኝ ሄደ። ጥንካሬ አይደለም። የደነዘዘ እጅ በመርፌ ቢወጉት ይሰማዋል? እንደዚያ ነኝ። እበላለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ።

ደብዳቤ መጻፌ ስደውልልህ ሁለት ቃል ሳንነጋገር "እማ፣ ኔትወርክ የለም" እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ከፈዲላ ጋር ስታወራ ኔትወርኩ ከየት ይመጣል? ለእሷ የጻፍክላትን አሳይታኛለች። "አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ካንዴላውን ቀይሬለት ብሄድ ኖሮ ያን ቀን መኪናው ተነስቶ ሐኪም ቤት ይደርስ ነበር" ብለሃል። አትቆጣት፤ እህትህ ፈርታ ነው። ይህን ደብዳቤ የጎሮው ሰዲቅ እሁድ ወደ ዶሃ ሲበር ይዞልህ ይመጣል።

እውነት ነው፣ ለአረፋ ስትመጣ ካንዴላውን ገዝተህ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥክ። "ነገ፣ ነገ" እያልክ ከጓደኞችህ ጋር ስትዞር ፈቃድህ አለቀ። አባትህ ደግሞ የሱ ነገር፣ ሞተሩ እየቆራረጠበት እንኳ ጋራዥ አልወስድም አለ። "ልጄ ገዝቶልኛል፤ ሲመጣ አብረን እንቀይረዋለን" ይል ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ራሴ ልቀይረው የተነሳሁት ለዚህ ነው። አዲስ ካንዴላ ገብቶለትም መኪናው እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የካንዴላው አልነበረም ማለት ነው። ያንን ጽፌልህ እፎይ እንድትል ፈለግሁ። እንዲያውም ልንገርህ፣ ገና ኮፈኑን ሳልከፍት "መኪናው አልተነሳም" የሚል ደብዳቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

የባል ሐዘን ዒዳ ላይ ስለሆንኩ አራት ወር ከአስር ቀኔን ቤቴ ሆኜ መጨረስ አለብኝ፤ ጋራዥ የለም። ጎረቤታችን ጋሽ ገብረየስ፣ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የጨረሱት፣ ቆሞ የደከመውን ባትሪ ቻርጅ አድርገው በፈዲላ ላኩልኝ። ግቢ ግን አልገባም አሉ። "ዒዳሽን አንቺ ካከበርሽ እኔም አከብራለሁ" ብለው፣ በነሱ በኩል በርጩማ ላይ ቆመው በአጥሩ አናት ትእዛዝ ይሰጡኝ ጀመር።

"አራቱንም ካንዴላ አንድ ላይ እንዳትነቅይ! የአንዱ ካቦ ከሌላው ይምታታብሻል። አንዱን አውጪ፣ አንዱን አስገቢ።"

"እሺ ጋሼ።"

"መጀመሪያ በጣትሽ አዙሪው፣ መፍቻው መጨረሻ ላይ ነው። እምቢ ካለሽ ጥርሱን እየበላሽው ነው፤ መልሺው።"

"እሺ አልኩ እኮ! የጋዝ ሲሊንደር ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"ጋዙ ሌላ፣ ይሄ ሌላ" አሉ ተቆጥተው።

አራቱም በጥላሸት ጠቁረዋል፤ ሦስተኛውማ ዘይት ጠጥቷል። እሱን በአጥሩ አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አገላብጠው አዩትና "ይሄማ ከሞተ ቆይቷል" አሉ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ይቅር በይኝ ልጄ" አሉኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ወደ አራተኛው ሄድኩ።

ስጨርስ መኪናው ውስጥ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ።

ኢምራን፣ አልዋሽህም። በመጀመሪያው ተነሳ። ጋሽ ገብረየስ ከአጥሩ ወዲያ አጨበጨቡልኝ፤ ለምን ነገር እንደሚያጨበጭቡ የት ያውቃሉ? አጥፍቼው ቤት ገባሁና የጻፍኩትን ደብዳቤ ቀደድኩት።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ስማኝ። አባትህ ደረቱን የያዘው መኪናው ጋ ስንደርስ አልነበረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። "ፈቲያ፣ ደረቴን ጨመደደኝ፤ ሐኪም ቤት እንሂድ" አለኝ። "ጨጓራህ ነው፣ ያን ሁሉ ቃሪያ በልተህ" አልኩት። አብሽ በጥብጬ ሰጠሁት፤ ጠጣ። "አልተሻለኝም" ሲለኝ ሌላ ብርጭቆ ጨመርኩለት። "አንተ ደግሞ ትንሽ ሲያምህ" ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሊያስደስተኝ ብሎ ጠጣው። ዙሁርን ቁጭ ብሎ ሰገደ። እስከ ሰባት ሰዓት አብሽ ሳጠጣው ነበር። መኪናው ጋ የሄድነው ላብ ሲያጠምቀው ነው። መኪናው እምቢ ብሎን ታክሲ እስኪመጣ የጠበቅነው ሩብ ሰዓት ነው። አንተ ሩብ ሰዓት ወሰድክበት፤ እኔ አራት ሰዓት።

አጀል፣ የሞት ቀጠሮ፣ አይቀድምም አይዘገይም፣ አውቃለሁ፤ ሼኹም ነግረውኛል። ግን ሰው ነኝና ሰዓቱን እቆጥራለሁ። ፈዲላ ይህን አታውቅም። የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ብትቀየመኝ እውነትህን ነው። ስልኩን ግን አንሳው፤ የምትለኝን በለኝና ከዚያ ዝጋው።

ስትወጣም ስትገባም አላህ ይጠብቅህ፤ የሰው ፊት አያሳይህ። ለአባትህ ዱዓ አድርግለት። ከቻልክ ለእኔም።

እናትህ
ፈቲያ