እጅህን ኪስ የከተትኩበት ምክንያት

ጌታው፣

ቁልፉን ለአከራያችን ሰጥቻለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። ባልዲው ሲሞላ ድፋው፣ አለዚያ የታችኛዋ ጎረቤት እየጮኸች ትመጣለች።
ድስቱ ያንተ ነው። ክዳኑ የእኔ ስለሆነ ወስጄዋለሁ። ትንሽነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ።

በሩ ላይ የሰቀልኩት ሥዕል አንተ ነህ።

ሥዕል የጀመርኩ ሰሞን እጅ መሳል አቅቶኝ፣ የምስላቸውን ሰዎች ሁሉ እጃቸውን ኪስ እየከተትኩ አልፍ ነበር። አንተም ደብተሬን እንግዶችህ ፊት ዘርግተህ፣ «የዚህ ሰውዬ አገር ብርድ ነው መሰለኝ፣ እጁን ከኪሱ የሚያወጣ የለም» አልክ። ጥርስ ባዳ ነው፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ያልሳልኩት እጅ የለም። ሽንኩርት የምትልጠውን አከራያችንን፣ ታክሲ ውስጥ መልስ የሚቆጥረውን ረዳት፣ የራሴን ግራ እጅ ሳይቀር ስዬ፣ አውራ ጣት ከየት እንደሚነሳ ገብቶኛል። አሁን እጅ እችላለሁ።

ስለዚህ ሥዕሉን አይተህ «ዛሬም አቃተው» እንዳትል። የሥዕል አስተማሪያችን «ያያችሁትን ብቻ ሳሉ» ይለናል። አባቴ ታሞ እዚህ የወደቀ ቀን፣ ብቻዬን ተሸክሜው ደረጃውን ስወርድ፣ አንተ በሩን ተደግፈህ «አይዞህ» አልከኝ። ዞር ብዬ ያየሁት እንደዚሁ ቆመህ ነው።

ባልዲውን አደራ። በሁለት እጅ ነው የሚነሳው።